የቪአር መነጽር አቦቦ ላይ ስንት ያወጣል?

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ አግዳሚውን ሳያስተውል የሚወጣ ሰው የለም። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ከኋላቸው አምስት ስድስት ተረኞች ይጠብቃሉ፤ ከተረኞቹ አጠገብ ደግሞ ኪሳቸው ባዶ የሆነ፣ ምክራቸው ግን የማያልቅ ሌሎች ልጆች አሉ። “አቀብለው!”፣ “ምን ትጠብቃለህ፣ ምታው እንጂ!” ይላሉ። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ በብዙ ቤት የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ጎበዝ ልጅ በአንድ ጨዋታ ዋጋ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተቀምጦ ሊጫወት ይችላል። ሳንቲም የሌለውም እያየ ይማራል።

ይህን አሠራር ከውጭ የመጣ ሰው አላስተማረንም። ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ማጫወቻ የጥቂት ቤቶች ንብረት በነበረበት ዘመን ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ የእንግሊዝ ኳስ በዲሽ ሲመጣ ዲኤስቲቪ ቤት ተከተለ፤ ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት መጣ። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ዕቃ ሰፈር ተሰብስቦ በሳንቲም ከፋፍሎ ገዛው ማለት ነው። የፕሌይስቴሽን አምራቹ ሶኒ ለአንድ ሳሎን ብሎ የሠራው ማሽን እኛ ጋ የአንድ ቀበሌ ወጣቶች መዋያ ሆነ። በአገራችን የጌም ታሪክ ከጨዋታዎቹ ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ጨዋታውን ዙሪያውን ለማየት ዓይን ላይ ስለሚጠለቀው የቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) መነጽር ዋጋ ስንነጋገርም ከዚህ አግዳሚ መነሣት አለብን እላለሁ። ጥያቄው በየከተማው፣ ኮንሶል ባላቸው ወጣቶች ዘንድ ይነሣል፦ “ፕሌይስቴሽን አለኝ፤ መነጽሩን ብጨምርበት ያዋጣል?” የአዲስ አበባው መልስና የጋምቤላዋ አቦቦ መልስ አንድ አይደለም። እኔ የመረጥኩት አቦቦን ነው፤ ሒሳቡ ያለ ሽፋን የሚታየው እዚያ ስለሆነ።

መጀመሪያ ብሩን እንቁጠር።

የሶኒ የመጀመሪያው መነጽር፣ ፕሌይስቴሽን ቪአር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 399 ዶላር ነበር። ያለ ካሜራ ግን አይሠራም፤ ካሜራው ለብቻው ይሸጣል። በእጅ የሚያዙት ሁለቱ የሙቭ መቆጣጠሪያዎችም እንደዚያው። ሁሉም በአንድ ካርቶን ሲታሸግ ዋጋው 499 ዶላር ደረሰ። ያን ጊዜ ዶላር በባንክ 22 ብር አካባቢ ነበርና መነጽሩ ብቻውን 8,800 ብር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ትውልድ፣ ቪአር 2፣ የካቲት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. በ550 ዶላር ወጣ። በዚያን ሰሞን የባንክ ምንዛሪ 29,500 ብር ገደማ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለእኛ አገር ገዢ መራራ ነው። መነጽሩ እንደታሰበው ስላልተሸጠ ሶኒ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ዋጋውን ከ550 ወደ 400 ዶላር አወረደው። በመላው ዓለም “ቪአር ረከሰ” ተባለ። በዚህ መሀል ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ነበር፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ስለዚህ 550 ዶላር ሳለ 29,500 ብር የነበረው መነጽር፣ 400 ዶላር ሲገባ በባንክ ስሌት ከ50,000 ብር በላይ ሆነ። በዶላር ከሩብ በላይ የቀነሰ ዕቃ በብር ተወደደ።

ነጋዴው በበኩሉ “ዕቃው ያኔም ቢሆን በባንክ ዶላር አልገባም፤ በሻንጣ ነው የገባው፣ የተተመነውም በትይዩ ገበያው ነው” ይላል። ልክ ነው፤ በዚያ ስሌት ልዩነቱ በጣም ይጠብባል። ሆኖም ሶኒ የቀነሰው 150 ዶላር እኛ ኪስ ውስጥ አልገባም፤ መንገድ ላይ ቀለጠ። በሕጋዊው በር ለሚያስገባ ሰው ደግሞ ከዚህ ላይ ጉምሩክ ቀረጥ፣ ሱር ታክስና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደረብበታል።

መነጽሩ ብቻውን ደግሞ ምንም አያደርግም። ከኮንሶሎች ቪአር 2 የሚሠራው በፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ 5) ብቻ ነው። ብዙዎቹ ፕሌይስቴሽን ቤቶቻችን ግን ገና በፒኤስ 4 የሚተዳደሩ ናቸው፤ ፒኤስ 3 የያዙም አሉ። ስለዚህ አብዛኛው የኮንሶል ባለቤት መነጽሩን ሲያስብ አዲስ ማሽንም ማሰብ አለበት። ያ ማሽን ደግሞ እንደ ወትሮው ዕድሜው ሲገፋ አልረከሰም፦ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባለ ዲስኩ ፒኤስ 5 በ500 ዶላር ወጥቶ፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ 550 ዶላር ሆነ። ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክስ ነበር፤ እኛም የምንጠብቀው ያንን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዋጋ፣ ዶላሩን በ140 ብር አስልተን እንደምር። ማሽኑ 77,000፣ መነጽሩ 56,000፣ በጠቅላላው 133,000 ብር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመንግሥት ሥራ የሚጀምር ሰው የመነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው። አቦቦ ላይ የተመደበ አዲስ መምህር ሳይበላ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ለእናቱ ምንም ሳይልክ አሥራ አንድ ወር ተኩል ቢያጠራቅም ቪአር መጫወት ይጀምራል፤ ያውም ግብሩንና የጡረታ መዋጮውን ሳንቀንስ፣ ያለ ጨዋታዎቹ። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ፣ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም የሚሠራ ሰው መነጽሩን የሚገዛው በ55 ሰዓት ሥራ ነው።

የጨዋታዎቹ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ፕሌይስቴሽን በአገራችን የተስፋፋው በተገለበጠ ዲስክና በተጫነ ሃርድ ዲስክ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በፒኤስ 2 ዘመን ለጨዋታ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ብርቅ ነበር። በቪአር 2 ያ መንገድ የለም። ጨዋታዎቹ በአብዛኛው የሚገዙት ከሶኒ የኢንተርኔት መደብር ሲሆን፣ መደብሩ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የእኛ ልጅ በሌላ አገር ስም አካውንት ከፍቶ፣ የስጦታ ካርድ ከደላላ ገዝቶ ነው የሚገባው። ከመነጽሩ ጋር አብሮ የወጣው ትልቁ ጨዋታ፣ ሆራይዘን ኮል ኦፍ ዘ ማውንቴን፣ 60 ዶላር ነበር፤ በ140 ብር ስሌት 8,400 ብር። ለመጀመሪያው መነጽር የተገዙ ጨዋታዎች ደግሞ በሁለተኛው ላይ አይከፈቱም፤ ሠሪዎቹ ለአዲሱ መነጽር እንደገና ካላዘጋጇቸው በቀር። በአሮጌው ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው አዲሱን ሲገዛ ከዜሮ ይጀምራል።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ኳስ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚኖረው በኳስ ነው። ፊፋ ይባል የነበረው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲም ሆነ ፔስ ይባል የነበረው ኢፉትቦል በቪአር አይጫወቱም። ደንበኛው የሚመጣበት ጨዋታ በመነጽሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። የመኪና እሽቅድድሙ ግራን ቱሪዝሞ 7 አለ፤ ለቪአር 2 ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠየቅበት የተሰጠ፣ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። መነጽሩን በእሱ የሞከረ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ተሰልፎ የሚጠብቀውን ልጅ ግን ከአርሰናልና ከማንቼስተር ነጥሎ ማን ወደ እሽቅድድም እንደሚወስደው አላውቅም።

እስቲ አቦቦ ላይ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ወጣት እናስብ። አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ የአኝዋ ዞን ወረዳ ከተማ ናት። ወጣቱ አንድ ፒኤስ 5 በሆነ መንገድ አግኝቷል፤ የጎደለው መነጽሩ ብቻ ነው እንበል። በጨዋታ 10 ብር ያስከፍላል፣ አንድ ጨዋታ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ ስለዚህ ማሽኑ በሰዓት 60 ብር ያስገባል። መነጽሩን ቢገዛ ለአንድ ሰው ተራ 30 ብር ይጠይቃል እንበል። ተራው ግን 15 ደቂቃ ይበላል፤ ማሰሪያውን ከጭንቅላቱ ልክ ጋር ማስተካከል፣ የዓይኑን ርቀት ማስማማት፣ እንዴት እንደሚያዝ ማስረዳት፣ ሲያወልቅ ላቡን መጥረግ አለ። በሰዓት አራት ሰው፣ 120 ብር።

ሲታይ እጥፍ ትርፍ ነው። ነገር ግን መነጽሩ ሲሠራ ማሽኑ ተይዟል፤ ኳሱ ቆሟል። ስለዚህ መነጽሩ በእውነት የሚጨምረው በሰዓት 60 ብር ብቻ ነው። 56,000 ብር በ60 ሲካፈል 933 ሰዓት ይመጣል። በቀን አምስት ሰዓት መብራት ኖሮ፣ አምስቱም ሰዓት ሰው ተሰልፎ፣ አንድም ዕቃ ሳይበላሽ፣ 187 ቀን። ከስድስት ወር በላይ! ያውም ጉጉቱ እንዳለ ከቀጠለ ነው። የአዲስ ነገር ጉጉት ስድስት ወር እንደማይዘልቅ ቤቱን የያዘው ወጣት ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ከዚያ አግዳሚው አለ። ኳስ ሲጫወት የሚያየው ሰው ሁሉ ጨዋታው ውስጥ ነው፤ ይጮኻል፣ ይፈርዳል፣ ተራውን ይጠብቃል። መነጽር ያጠለቀው ልጅ ግን ብቻውን ሄዷል። ቴሌቪዥኑ እሱ የሚያየውን በመጠኑ ያሳያል፤ ተመልካቹ ፊት የቆመው ግን አየር የሚጨብጥ፣ ያልታየ ነገር የሚሸሽ ሰው ነው። ለአምስት ደቂቃ ያስቃል፤ ከዚያ አግዳሚው ባዶ ይሆናል። በዚህ ረገድ ከመጀመሪያው መነጽር ጋር በነፃ የተሰጠው ዘ ፕሌይሩም ቪአር የተሻለ አስቦ ነበር፤ አንዱ መነጽር ሲያጠልቅ ሌሎቹ በተለመደው ጆይስቲክ በቴሌቪዥኑ ላይ አብረውት ወይም በእሱ ላይ ይጫወታሉ። የእኛን ቤት አይቶ የተሠራ ይመስል ነበር። ኢንዱስትሪው ግን በዚያ መንገድ አልገፋበትም።

አቦቦ ላይ የአግዳሚው ዋጋ ከሌላ ቦታ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ወረዳው የአኝዋ ሕዝብ ምድር ነው። በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበትና ዛሬም በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች ያሉበት ነው። ጋምቤላ ስንት ጊዜ በጎሣ ግጭት እንደደማች፣ ሰዓት እላፊ እንደታወጀባት የሚያውቅ ሰው፣ የአኝዋው ልጅና የሰፋሪው ልጅ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ስለ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት የሚከራከሩበትን ቤት አቃልሎ አያየውም። የጋራ ቋንቋቸው አማርኛም ቢሆን፣ ጩኸትም ቢሆን፣ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ይህን የሚበትን ዕቃ ሰዎች በነፃ ቢሰጡኝም ሁለት ጊዜ አስብበታለሁ።

ስለ አየሩም መናገር አለብኝ። ሶኒ ለማሽኑም ለመነጽሩም ያስቀመጠው የሥራ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጋምቤላ ቆላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 40 ዲግሪ የሚነካ ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚሆን የገባበት ያውቃል። ቬንትሌተር የጋለ አየር ያዟዙራል እንጂ አያበርድም። በዚያ ሙቀት ፊት ላይ የሚለጠፍ፣ ዙሪያውን ብርሃን እንዳያስገባ በላስቲክ የተዘጋ መነጽር ሌንሱ በላብና በጉም ሊሸፈን ይችላል። መነጽሩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲሻገር የዓይን ሕመምም አብሮ ሊሻገር ይችላል፤ ትራኮማ ገና ባልጠፋበት አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሶኒ ራሱ ደግሞ መነጽሩ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል። የፕሌይስቴሽን ቤት ደንበኛ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ለማወቅ በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

በሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆን የኮንሶል ባለቤት መነጽሩን በጅምላ አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሶኒ የሸጠው ፒኤስ 4 ከ106 ሚሊዮን በላይ ሲሆን መነጽሩ 5 ሚሊዮን ነበር፤ ከሃያ ባለቤቶች አንድ እንኳ አልሞላም። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ የቪአር መነጽር ሠርቶ አያውቅም። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1995 ቨርቹዋል ቦይ በሚባል ቀይ ምስል በሚያሳይ ዕቃው ሞክሮ በዓመቱ ተወው። ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ለመጀመሪያው መነጽር ጨዋታ ይሠራ የነበረውን የለንደን ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛውን መነጽር ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ በ60 ዶላር አወጣ። ኮንሶል የማይፈልገው የሜታ ኩዌስት 3ኤስ ደግሞ በ300 ዶላር ገባ። ዛሬ “ኮንሶል ስላለኝ ቪአር ይቀለኛል” የሚለው ሐሳብ ተገልብጧል፤ ርካሹ መንገድ ኮንሶሉን ትቶ የሚያልፈው ነው። ለፕሌይስቴሽን ባለቤት ምክር ከተጠየቅሁ መልሴ አጭር ነው፦ አትግዙ። በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ ቴሌቪዥን፣ ሌላ ያገለገለ ፒኤስ 4፣ ጥሩ ስታቢላይዘርና ሁለት አዳዲስ ጆይስቲክ ብትገዙ አግዳሚው ይረዝማል።

ነገሩን እዚህ ላይ ለመተው ግን ልቤ አልፈቀደም። ቪአር ከመዝናኛነት ያለፈ ኃይል እንዳለው አውቃለሁ፤ ኃይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብዙ ሕዝብ ካሳዩት ሥራዎች አንዱም በከፊል የተቀረጸው ከጋምቤላ ድንበር ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውዮርክ ታይምስ ተፈናቃዮቹ የሚል የቪአር ዘጋቢ ፊልም አወጣ። ከሦስቱ ባለታሪክ ልጆች አንዱ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ረግረግ ውስጥ የተደበቀ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ያንን ጦርነት የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጋምቤላ ተሻግረዋል፤ ከአቦቦ አልፎ የሚሄደው መንገድ ራሱ የሚወስደው ወደ ፑኝዶ ነው፣ ከእነዚህ ስደተኞች መጠለያዎች ወደ አንዱ። ጋዜጣው ፊልሙን ለማሳየት ለአንድ ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ ስልክ የሚገባበት የካርቶን መነጽር በነፃ ላከ። አሜሪካ ውስጥ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሲያዞር ረግረጉን ዙሪያውን አየ። ያን ልጅ የሚመስሉ ልጆች ባሉበት ምድር ግን ካርቶኑን የላከ አልነበረም።

ይህ ነገር ከዋጋው በላይ ያንገበግበኛል። ቪአር ያን ልጅ ያገኘው ተመልካች አድርጎ ሳይሆን ተቀራጭ አድርጎ ነው። የካርቶን መነጽሩን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 መሸጥ ቢያቆምም ሥራው ምስጢር የለውም፤ ካርቶን፣ ሁለት ሌንስና እጅ ላይ ያለ ስማርት ስልክ ነው። ስልኩ አቦቦም አለ። ዙሪያውን በአንድ ጊዜ የሚቀርጸው ካሜራ፣ ኢንስታ 360 ኤክስ 4 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ 500 ዶላር ነበር፤ አንድ የቪአር 2 መነጽር ሲወጣ ከነበረው ዋጋ ያንሳል።

ስለዚህ የክልሉ የወጣቶች ማዕከል ወይም አንድ ትምህርት ቤት “ለልጆቻችን ቪአር እንግዛላቸው” ብሎ በጀት ቢይዝ፣ እኔ መነጽሩን ትቼ ካሜራውን እመርጣለሁ። በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እገዛ ተጀምሮ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ እዚያው ወረዳ ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ሲገፋ፣ የማንጎ ወራት ላይ ገበያው ሲሞላ፣ የአኝዋ አዛውንት ከግቢው ዛፍ ሥር ሆኖ ሲተርክ፣ ካሜራውን መሀል ላይ አቁሞ መቅረጽ የሚችል የአቦቦ ልጅ ነው። የተቀረጸውን ጋምቤላ ከተማ ያለ ተማሪ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ፣ ሚኒሶታ ያለ የአኝዋ ቤተሰብ በካርቶንና በስልክ ያየዋል። ፕሌይስቴሽኑም ባለበት ይቀጥላል፤ ኳሱ አይቆምም፣ አግዳሚው ላይም ተረኛው “ጨርሱ እንጂ፣ የእኔ ተራ ነው” ማለቱን አይተውም።